ሁለት ሩተር አለን፣ ኔትወርኩ ለምን ይቆማል?

የዚህ ሰሞን ጥያቄዎች ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ያርፋሉ፤ መጠባበቂያው ተገዝቷል፣ ግን በክፉ ቀን አይደርስም።

ጥያቄ፦ ሁለት ሩተሮችን በቪአርአርፒ (ዋናው ሲጠፋ ሌላው ቦታውን እንዲረከብ በሚያደርግ ፕሮቶኮል) አጣምረናል። የኢንተርኔት መስመሩ ሲቋረጥ ሁለተኛው አልተረከበም። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ደህና ነው። ዋናው ሩተር ወደ ውስጥ ኔትወርካችሁ በየሰከንዱ «አለሁ» ይላል። ሁለተኛው ይህን እየሰማ ለምን ይረከባል? በውጭ በኩል የሆነውን የነገረው የለም። ስለዚህ ትራኪንግ (መስመሩን መከታተል) ያስፈልጋችኋል፤ መስመሩ ሲሞት የዋናው ፕራዮሪቲ (ማን ዋና እንደሚሆን የሚወስነው ቁጥር) ይቀንስ። ዋናው 110፣ ሁለተኛው 100 ከሆነ 10 መቀነስ እኩል ያደርጋቸዋል እንጂ ቦታ አያቀያይራቸውም። 20 ቀንሱ።

ፖርቱን ብቻ መከታተልም አይበቃም። መሃል ላይ ሞደም ወይም ሚዲያ ኮንቨርተር (ፋይበርን ወደ መዳብ ኬብል የሚቀይር ሳጥን) ካለ፣ ከዚያ ወዲያ ፋይበሩ ቢበጠስም የእናንተ ፖርት መብራቱን እያበራ ይቀመጣል። ከአይኤስፒው (ከኢንተርኔት አቅራቢው) ባሻገር ያለ አድራሻ በፒንግ (መልስ በሚጠይቅ አጭር መልእክት) ይፈተሽ። ቢቻል ሁለት አድራሻ ይሁን፤ አንዱ በራሱ ጣጣ ዝም ሊል ይችላል። ኤችኤስአርፒ (የሲስኮን ተመሳሳይ ፕሮቶኮል) የምትጠቀሙ ደግሞ ፕሪኤምፕት (ፕራዮሪቲው የበለጠው ቦታውን እንዲነጥቅ የሚፈቅደው ቅንብር) በነባሪው ዝግ መሆኑን አትርሱ። ካልተከፈተ ቁጥሩ ቢወርድም ሁለተኛው አይነቃነቅም።

ጥያቄ፦ አንድ ስዊች ሲጠፋ ሁሉም ሰው ወደ አንድ ደቂቃ ገደማ ይቆማል። ልማዱ ነው?

መልስ፦ የድሮው ስፓኒንግ ትሪ (ትራፊክ በስዊቾች መካከል እንዳይዞር ትርፍ መንገዶችን የሚዘጋው ፕሮቶኮል) ልማድ ነው፤ ከ30 እስከ 50 ሰከንድ ይወስዳል። በ2001 የወጣው ራፒድ ስፓኒንግ ትሪ በትክክል ከተዋቀረ ብዙ ጊዜ ከጥቂት ሰከንድ አያልፍም። ዛሬም በድሮው መቆየት ምክንያቱ አይገባኝም። ሩቱንም (የሌሎቹ መንገድ ከእሱ የሚለካውን ዋና ስዊች) ራሳችሁ ምረጡ። ካልነካችሁት የሁሉም ፕራዮሪቲ 32768 ነው፤ ያኔ ትንሹ ማክ አድራሻ (የመሣሪያው መለያ ቁጥር) ያሸንፋል። አሸናፊው ጥግ ላይ የተረሳ አሮጌ ስዊች ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ከሁለት ድርጅቶች ፋይበር ተከራይተናል። በቃ፣ ተገላገልን?

መልስ፦ ሁለቱ ፋይበሮች በአንድ ቱቦ ወደ ሕንፃው ከገቡ አንድ ቁፋሮ ሁለቱንም ይወስዳል። መንገዱን በካርታ አሳዩን በሏቸው። ሁለቱ ሩተሮች አንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያግዝ ባትሪ) ላይ ከተሰኩም ያው ነው።

ጥያቄ፦ ዋናውን ሩተር አጥፍተን ሞከርን፣ ሁለተኛው ወዲያው ተረከበ። ስናበራው ግን ኔትወርኩ እንደገና ተቋረጠ። ይህስ?

መልስ፦ መሞከራችሁ ደስ ይላል፤ ብዙዎች ማጥፋቱን ሞክረው መመለሱን አያዩም። ሩተሩ ተነስቶ ወዲያው ጌትዌይነቱን (የኔትወርኩ መውጫ በርነቱን) ነጥቋል። ኦኤስፒኤፍ (ሩተሮች መንገድ የሚነጋገሩበት ፕሮቶኮል) ግን ገና ከጎረቤቶቹ መንገዶቹን አልተማረም። ትራፊኩ ይመጣል፣ መውጫ የለውም፣ ይጣላል። መፍትሔው የፕሪኤምፕት መዘግየት ነው። ሩተሩ ተነስቶ መንገዶቹን እስኪሞላ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ ለኩ፤ መዘግየቱን ከዚያ አስበልጡት።