የአድዋ ኢድሊ፦ አረንጓዴው ለምን ጭቃ መሰለ?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከጎንደር፣ ከማራኪ ነው። ጎረቤታችን ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር ህንዳዊት ናት። ባለፈው ነሐሴ 9 "የአገሬ የነጻነት ቀን ነው" ብላ ብርቱካንማ፣ ነጭና አረንጓዴ ቀለም ያለው በእንፋሎት የበሰለ የሩዝ ኬክ ሳህን ሙሉ ላከችልን። ኢድሊ ይባላል። ልጆቼ በአንድ አፍታ ጨረሱት። አሁን ደግሞ የልጄ ክፍል ለአድዋ በዓል ከየቤቱ ምግብ አምጡ ተብሏል። እኔም በአረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ልሥራው ብዬ ሞከርኩ። አትክልቱን ማታ ከሊጡ ጋር ፈጭቼ አሳደርኩት። ጠዋት ቢጫው አልነሳ ሲለኝ ቤኪንግ ሶዳ ጣል አደረግሁበት። ውጤቱን አይጠይቁኝ። አረንጓዴው ጭቃ መሰለ፣ ቢጫው ቀላ፣ ቀዩ ሮዝ ሆነ። ሁሉም እንደ ቂጣ ጠፍጣፋ ናቸው። ጎረቤቴ አገሯ ሄዳለች። የካቲት 23 ደግሞ እየደረሰ ነው።

መልስ፦ ደኅና ነሽ የማራኪዋ? ደብዳቤሽን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። በአንቺ አይደለም፣ በራሴ ነው። እኔም ቢጫ ብዬ የጀመርኩትን የጡብ ቀለም አድርጌ ለእንግዳ ያቀረብኩ ሴት ነኝ።

ኢድሊን ያወቅሁት በደርግ ጊዜ ነው። ያኔ ብዙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ህንዳውያን አስተማሪዎች ነበሯቸው። ብዙዎቹ የመጡት ኬረላ ከሚባለው የደቡብ ህንድ ግዛት ነው። የሂሳብ አስተማሪያችን ቤት ከእኛ ጋር አጥር ለአጥር ነበር። የሚስቱ አማርኛ "ነይ፣ ቅመሺ፣ ጨምሪ" ላይ ያልቃል። ለእኛ ግን በቂ ነበር። በዓመት ሁለት ቀን የሰንደቃቸውን ቀለም ታበስላለች። አንዱ ነሐሴ 9 ነው፣ በፈረንጅ 1947 ከእንግሊዝ ነጻ የወጡበት። ሌላው ጥር 18 ነው፣ በ1950 ሪፐብሊክ የሆኑበት። ከላይ ብርቱካንማ፣ መሃል ነጭ፣ ከታች አረንጓዴ። ነጩ ላይ 24 ዘንግ ያለው ሰማያዊ መንኮራኩር አላቸው። ሰማያዊ የሚበላ ነገር ከየት ይምጣ? እሷ የሰናፍጭ ፍሬ በክብ ትደረድር ነበር። ቆጥረን የምንሰጣት እኛ የሰፈር ልጆች ነን። 23 ከሆነ ተንበርክከን አንዷን ከወለሉ ላይ እንፈልጋለን።

ወደ አንቺ ጉድ ልመለስ። ጥፋቱ የአትክልቱ አይደለም። ጥፋቱ አትክልቱ የገባበት ሰዓትና ያች ሶዳ ናቸው።

መጀመሪያ ሊጡ። ሩዝ ከፎገራ የሚመጣው ይበቃሻል፣ ውድ የውጭ ሩዝ አትግዢ። እነሱ ከሩዙ ጋር የሚፈጩት ኡራድ የሚባል ጥራጥሬ ነው። እሱን ካጣሽ ማሾ ተጠቀሚ። ማሾውን ዘፍዝፈሽ በእጅሽ እያሸሽ ቅርፊቱን አንሳፊው፣ አለበለዚያ ሊጡ ያመድማል። ሦስት ስኒ ሩዝ፣ አንድ ስኒ ማሾ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ አብሽ። አብሹ የግድ ነው። ማሾ እንደ ኡራድ ዝልግልግ አይልም፣ አየሩን የሚይዝልሽ ዝልግልግታ ያስፈልጋል። አብሽ እዚያ ላይ ያግዛል። ሩዙን ለብቻ፣ ማሾና አብሹን ለብቻ ለ5 ሰዓት ያህል ዘፍዝፊ።

ሲፈጭም ለየብቻ ነው። ማሾው በጁስ መፍጫ፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ውሃውን እየቆጠብሽ፣ አረፋ እስኪመስል። ጠብታዋን ብርጭቆ ውሃ ላይ ጣዪ። ከተንሳፈፈች ደርሷል። ሩዙ ግን ይህን ያህል አይልምም። ጣትሽ መሃል ስትፈትጊው ትንሽ አሸዋ አሸዋ ይበል። አንድ እፍኝ የበሰለ ሩዝ አብረሽ ፍጪ። እንደ አብሲት አስቢው፣ ኬኩን ያለሰልሰዋል። ከዚያ ሁለቱን ቀላቅለሽ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምረሽ፣ በእጅሽ አማስይው። እርሾ አያስፈልግም። ከእህሉ ጋር የመጡት ባክቴሪያዎች ራሳቸው ያቦኩታል፣ አየሩንም ራሳቸው ያወጣሉ። ማሰሮው ግን ግማሹ ባዶ ይሁን። እኔ አንድ ሌሊት ይህን ንቄ ጠዋት ሊጡን ከወለሉ ላይ በፎጣ ሰብስቤአለሁ።

ሞቃት አገር 8 ሰዓት የሚበቃው ሊጥ ጎንደር ውስጥ 14ም 16ም ሊወስድ ይችላል። እንጀራ የምትጋግሪበትን ቀን ምረጪ። ምጣዱ ጠፍቶ ለብ ሲል ዕቃውን በነጠላ ጠቅልለሽ ላዩ ላይ አስቀምጪው። ኩፍ ብሎ፣ ስትጨልፊው ቀዳዳ ቀዳዳ ካለው ጨርሰሻል።

ቀለም የሚገባው አሁን ነው፣ ማታ አይደለም። ሊጡን ለሦስት ክፈይ።

አረንጓዴ ከቆስጣ ነው። ጎመን ላይ ሎሚ ጨምቀሽ ታውቂያለሽ? ይወይባል። አረንጓዴ ቀለም ኮምጣጣ ነገርና ሙቀት ሲገናኙበት እንደዚያ ነው የሚሆነው። የቦካ ሊጥ ደግሞ ኮምጣጣ ነው። አንቺ ሌሊቱን ሙሉ ኮምጣጣው ውስጥ ነክረሽ ጠዋት ቀቀልሽው፣ ጭቃ ቢመስል ምን ይገርማል? ቅጠሉን ብቻ ውሰጂ፣ ነጩን ዘንግ ተዪው። የፈላ ውሃ ውስጥ አንድ ደቂቃ፣ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ። ከዚያ እንደ ልብስ ጭመቂው። ያለ ውሃ ፈጭተሽ፣ ለአንድ ስኒ ሊጥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ ልክ እንፋሎት ላይ ልታወጪው ስትይ ቀላቅይ። ኬኮችሽ የተጠፈጠፉት በአትክልት ውሃ ስለቀጠኑ ነው። ስትቀላቅዪም ቀስ ብለሽ ከታች ወደ ላይ፣ የያዘው አየር እንዳይወጣ።

ቢጫ ከእርድ ነው። ነጠላሽ ላይ እርድ ያለበት ወጥ ፈሶ በሳሙና ስታጥቢው ሲቀላ አይተሻል አይደል? ሶዳ ያደረገብሽ እሱን ነው። ኮምጣጣ ሊጥ ውስጥ ብቻውን ተዪው፣ እንደ ወርቅ ቢጫ ሆኖ ይቆያል። ለአንድ ስኒ ሊጥ ቁንጥር ይበቃል። ሲበዛ ይመራል፣ ልጆችም ይሸሹታል።

ቀዩ አስቸጋሪ ነው፣ አልዋሽሽም። ቀይ ሥር ነጭ ሊጥ ውስጥ ሲገባ ሮዝ ነው የሚሆነው። ብዙ ከጨመርሽ ደግሞ አፈር አፈር ይላል። እኔ የተቀቀለና የተፈጨ ቀይ ሥር ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ሳልሳ እጨምራለሁ። ያኔ ሮዙ ወደ ቀይ ይጠጋል። ትክክለኛ የሰንደቅ ቀይ አትጠብቂ።

የኢድሊ መሥሪያ ብረት ከሌለሽ የቡና ስኒ አለሽ። ኑግ ዘይት ቀቢው፣ ሁለት ሦስተኛውን ሙዪ። ህብስት ትሠሪ እንደሆነ ቀሪውን ታውቂዋለሽ፦ ትልቅ ድስት፣ ከታች የፈላ ውሃ፣ ስኒዎቹ ከውሃው በላይ፣ ክዳኑ ሥር ንጹሕ ጨርቅ። ጨርቁን አትርሺ፣ ከክዳኑ የሚንጠባጠበው ውሃ ላዩን ያበላሸዋል። ሌላ ቦታ 10 ወይም 12 ደቂቃ ይሉሻል። እኛ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2100 ሜትር ገደማ ላይ ነን። ውሃችን 93 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው የሚፈላው። ስለዚህ 15 ደቂቃ ስጪው። ስቴኪኒ ወግተሽ ንጹሕ ሆኖ ከወጣ አውጪ። 5 ደቂቃ ሳይቀዘቅዝ ከስኒው አትነቅንቂው።

ሦስቱን ቀለም አንድ ስኒ ውስጥ መደራረብ ካማረሽ ቅደም ተከተሉን አስቢበት። አረንጓዴው ሙቀት ሲበዛበት ስለሚወይብ ሁልጊዜ መጨረሻ ነው የሚፈሰው። ለእኛ ሰንደቅ ቀዩን አፍስሰሽ 6 ደቂቃ፣ ቢጫውን 6 ደቂቃ፣ ከዚያ አረንጓዴውን አድርገሽ እስኪበስል። ስታወጪው አትገልብጪው፣ በረጠበ ማንኪያ ዙሪያውን አላቅቀሽ እንዳለ አንሺው፣ አረንጓዴው ከላይ ይሆናል። የህንዱ ተቃራኒ ነው። ብርቱካንማውን በካሮት ሠርተሽ መጀመሪያ፣ ነጩን ቀጥሎ፣ አረንጓዴውን መጨረሻ ታፈሺና ትገለብጪዋለሽ። የአስተማሪያችን ሚስት ለምን ስኒዋን እንደምትገለብጥ የገባኝ ካደግሁ በኋላ፣ አረንጓዴዬ ሦስት ጊዜ ከከሰረ በኋላ ነው። ለእኔ ግን ለሠላሳ ልጅ ሦስቱን ለየብቻ ሠርቶ ትሪ ላይ በረድፍ መደርደር ይሻላል። ከሩቅም ያው ሰንደቅ ነው።

አንድ ደስ የሚል ነገር፦ እንቁላል የለው፣ ወተት የለው። የካቲት 23 አብዛኛውን ጊዜ ሁዳዴ ላይ ይውላል። ነሐሴ 9ም ፍልሰታ ነው። ጎረቤትሽ ሳታውቀው የጾም ምግብ ነው የላከችልሽ።

ማባያውን በአጭሩ ልንገርሽ። እነሱ ሳምባር በሚባል የክክ ወጥና በኮኮናት ማጥቀሻ ይበሉታል። እኛ ቀጠን ያለ ምስር ወጥ አለን። ለልጆቹ የተቆላ የመተማ ሰሊጥ ከጨውና ከትንሽ ሚጥሚጣ ጋር ውቀጪና በዘይት አርሰሽ አቅርቢላቸው። ደቡብ ህንዶችም ከኢድሊ ጋር የሚነሰንሱት ሰሊጥ የገባበት ዱቄት አላቸው፣ አይገርማቸውም።

ጥያቄ፦ ከሱቅ የሚሸጠውን የምግብ ቀለም ብጠቀምስ? ከአዘዞ።

መልስ፦ ይሠራል፣ አይወይብም፣ ጣጣም የለውም። የልጆቹ ምላስ ግን እስከ ማታ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። አስተማሪያቸው ታመሰግንሻለች ብዬ አላስብም።

ጥያቄ፦ የተረፈው ሊጥ ስንት ቀን ይቆያል?

መልስ፦ ቀለም ያልነካው ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ቀን ይቆያል፣ እያደር እየኮመጠጠ ይሄዳል። በሦስተኛው ቀን ኢድሊ አትሥሪው። ውሃ ጠብ አድርገሽ ምጣድ ላይ በስሱ ዘርጊው፣ ጠርዙ ቡናማ ሆኖ ሲነሳ አጣጥፈሽ ለቁርስ አቅርቢው። ቆስጣ የገባበትን ግን አታሳድሪ።