የሆላንድ ሰዓሊዎች ላም ላይ ምን አዩ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ሳልማር በራሴ ሥዕል የምሞክር ልጅ ነኝ። እዚህ ጅማ አንድ ካፌ ውስጥ የሥዕል ኮፒ ተሰቅሏል። ወንዝ ዳር የተኙ ላሞች፣ በትሩን የተደገፈ እረኛ፣ ሁሉም ላይ ወርቅ የመሰለ ብርሃን። የድሮ ሆላንድ ሥዕል ነው አሉኝ። ስንት የሚሳል ነገር እያለ ላም ላይ ምን አዩ? የምርስ እንዲህ ያምር ነበር? እኔ ቦዬ በኩል የሚግጡትን ስስል እንዲህ አይመጣልኝም።

መልስ፦ ሰላም ወንድማችን። ሥዕሉን ሳናየው የማን ነው ማለት አንችልም፤ አነጋገርህ ግን አልበርት ካይፕን (1620–1691 እ.ኤ.አ.) ያስታውሳል። ዶርድሬክት የምትባል የወንዝ ዳር ከተማ ልጅ ነው። ላሞቹ የሰፈሩ ናቸው፣ ፀሐይዋ ግን የውሰት ናት። እንደ ያን ቦት ያሉ ሰዓሊዎች ጣሊያን ቆይተው በ1640ዎቹ መጀመሪያ ሲመለሱ የዚያን አገር የማታ ብርሃን ሥዕላቸው ውስጥ ይዘው መጡ፣ ካይፕም ከእነሱ ወሰደ። እሱ ራሱ ጣሊያን ለመሄዱ ማስረጃ የለም።

ላም ለምን? አንደኛ፣ ገዢው ሌላ ነበር። አገሩ በአብዛኛው ፕሮቴስታንት ስለነበር ቤተ ክርስቲያን ሥዕል አታዝም፤ የሚገዛው ነጋዴው፣ ጠማቂው፣ ዳቦ ጋጋሪው ነው፣ እሱ ደግሞ ቤቱ ግድግዳ ላይ የራሱን አገር ማየት ይፈልጋል። ሁለተኛ፣ መሬቱ ራሱ የሚያኮራ ነበር። ቤምስተር የሚባለው ቦታ ሐይቅ ነበር፤ የአምስተርዳም ነጋዴዎች ገንዘባቸውን አፍስሰው፣ ውሃውን በነፋስ ወፍጮ እያስወጡ በ1612 አደረቁት። አይብና ቅቤ ውጭ አገር ድረስ ይሸጥ ነበር። የሰባች ላም ምን ማለት እንደሆነች ለጅማ ሰው አላስረዳም።

ያምር ነበር ወይ ላልከው፣ እረኛውን ልብ በልልኝ። አብዛኛውን ጊዜ አርፎ ነው የምታየው። ጭቃው፣ ብርዱ፣ ሌሊት ተነስቶ ማለቡ የት ሄደ? ገዢው ከተሜ ነበራ!

ከሁሉም ግን አንተን የሚጠቅምህ ፓውሉስ ፖተር ይመስለኛል። «ወይፈኑ» የሚባለውን ሥዕል በ1647 ሲሠራ ገና 20ዎቹን መጀመሩ ነው። ቁመቱ 2 ሜትር ከ35፣ ስፋቱ ወደ 3 ሜትር ከ40 ይደርሳል፣ ዛሬ ዘ ሄግ ከተማ ማውሪትስሃውስ ሙዚየም አለ። የንጉሥ መጠን ለወይፈን! ዝንቦቹ ሳይቀሩ አሉ፣ ሣሩ ውስጥ እንቁራሪት አለች። መጀመሪያ ያሰበው ወይፈኑን ብቻ ነበር፤ ሐሳቡ ሲሰፋ ሸራ እየቀጠለ አሳደገው። ደግሞ እንዲህ ያለ ወይፈን በሕይወት አልነበረም። የተለያየ ዕድሜ ካላቸው ከብቶች ያጠናውን አንድ ላይ ነው የገጣጠመው፣ ከብት የሚያውቅ ሰው ቀንዱንና ጥርሱን አይቶ ይነቃበታል። በ28 ዓመቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ።

ስለዚህ ቦዬ ስትሄድ ሙሉ ሥዕል ይዤ ልመለስ አትበል። አንድ ቀን ሻኛ፣ አንድ ቀን እግር፣ ሌላ ቀን ዳመና ብቻ ንደፍ፤ የሆላንድ ሰዓሊዎቹም ሜዳ ላይ ይነድፉና ቤት ገብተው ነበር ሥዕሉን የሚሠሩት። ቆመህ ሳይሆን ቁጭ ብለህ ሳል፣ አድማሱ ዝቅ ይልና ከብቶቹ ሰማዩ ላይ ይገዝፉልሃል። ወርቃማውን ቀለም ለጊዜው ተወው፣ የክረምቱ ግራጫ ይበቃሃል። ሲንቀሳቀሱብህም አትናደድ፤ ተኝታ ከምታመሰኳው ጀምር፣ እሷ ቶሎ አትነሳም።