ከቤት ያልወጡት እናት

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ጻፈልኝ። «ጋሼ፣ በትራንስፖርትና በመሬት አጠቃቀም ዕቅድ ተመራማሪ መሆን እፈልጋለሁ። የትኛውን ሶፍትዌር ልማር?» ይላል። ልመልስለት ቁጭ ስል አንዲት እናት ትዝ አሉኝ።

2009 ዓ.ም. ነው። ቀላል ባቡሩ ሥራ ከጀመረ ዓመት አልፎታል። መጠይቅ ይዤ የየካ አባዶን ኮንዶሚኒየም ደረጃ እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ። አራተኛ ፎቅ ላይ በር ከፈቱልኝ። ከበሩ ጀርባ ቢጫ ጄሪካኖች ተደርድረዋል። «ትናንት የት የት ሄዱ?» አልኳቸው። «የትም።» «ለሥራስ?» ሳቁብኝ።

አራት ኪሎ ሳሉ ሰው ቤት እንጀራ ይጋግሩ ነበር፣ በእግራቸው እየሄዱ። አሁን እስከ አያት ታክሲ፣ ከአያት ባቡር፣ መገናኛ ወርዶ ደግሞ ሌላ ታክሲ። «ለታክሲ ነው እንዴ የምጋግረው የኔ ጌታ?» አሉኝ። ቡና ሳትጠጣ አትሄድም ብለውም አስቀመጡኝ። ሁለተኛውን ጠጥቼ በረካው ሳይደርስ ተነሳሁ፤ ገና ስድስት ቤት ይቀረኝ ነበር።

ቅጹ ላይ «የጉዞ ብዛት፦ 0» ብዬ ጻፍኩ። ቢሮ ስገባ ዜሮ ያላቸውን ቤቶች በሙሉ ከመረጃው አወጣሁ፤ ለስሌት አይመቹማ። አማካይ የጉዞ ሰዓቱ ከፈራነው አጥሮ ቁጭ አለ። ለምን እንዳጠረ አውቅ ነበር፤ መንገዱ የከበዳቸው ቤት ቀርተዋል። ዝም አልኩ። ጽሑፉ ታተመ፣ ዕድገቱም መጣልኝ።

ሳላውቅ ቢሆን ደግ ነበር። የከተማ ዕቅድ ተመራማሪው ዋልተር ሀንሰን እ.ኤ.አ. በ1959 ተደራሽነትን በቀመር ካስቀመጠ ወዲህ ጥያቄያችን ሰው ስንቴ ተጓዘ ብቻ አይደለም፤ ከደጁ ተነስቶ ስንት ሥራ፣ ስንት ገበያ ሊደርስበት ይችላል ነው። ይህንኑ ክፍል ውስጥ ሳስተምር ኖሬያለሁ። የጥናቱ ዋና ግኝት እኮ እሳቸው ነበሩ።

የዛሬ ልጆች የሳተላይት ምስል አውርዳችሁ ሰፈር ታጠናላችሁ፤ ደረጃ መውጣት ሞት ነው። ሰልፍ ላይ ቆማችሁ ታክሲ የጠበቃችሁበትን ሰዓት እንኳ አትጽፉም። እኔስ ወጥቼ ምን ፈየድኩ? የሰማሁትን ሰረዝኩት።

ሶፍትዌሩን ግን ተማር። ኪውጂአይኤስ (QGIS) የሚባለው የካርታ መሥሪያ በነፃ ይገኛል፣ ከእሱ ጀምር። ጥሬ ቅጾችህንም አትጣል። የእኔዎቹ ቢሮ ስንቀይር ተጣሉ። ዓምና እኚያን እናት ፍለጋ የካ አባዶ ሄጄ ነበር። ሕንጻው ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነብኝ። የብሎክ ቁጥሩ ያለው ቅጹ ላይ ነበር።