በሩ የሚነካው ኤም ጂ ቢ

ጥያቄ፦ የተከበሩ አዘጋጅ፣ በከተማችን በጅማ አንድ ነጋዴ እ.ኤ.አ. የ1971 ሥሪት የሆነች፣ ጣሪያዋ የሚከፈት ኤም ጂ ቢ የተባለች የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ሙሉ በሙሉ አሳድሼያታለሁ ብሎ ለሽያጭ አቅርቧል። ቀይ ቀለሟ ያብረቀርቃል፤ ወንበሮቿም አዲስ ቆዳ ለብሰዋል። ስሞክራት ግን ጥቁር ጭስ አወጣች፤ የሹፌሩ በርም ሲዘጋ የላይኛው የኋላ ጠርዙ አካሏን ይነካል። ሻጩ ጭሱን በከተማው ከፍታ ያሳብባል፤ በሩንም ማጠፊያውን ማጥበቅ ይበቃዋል ይላል። ቀብድ ልክፈል ወይስ ልተወው?
አንባቢ፣ ከጅማ

መልስ፦ ሻጩ ስለ ጭሱ የነገረዎት ከእውነት የራቀ አይደለም። የበሩ ነገር ግን ስላሳሰበኝ ከእርሱ እጀምራለሁ።

ኤም ጂ ቢ እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 በእንግሊዝ አገር በአቢንግደን ፋብሪካ የተሠራች ስትሆን፣ ከእርሷ በፊት ከነበረችው ከኤም ጂ ኤ በተለየ ለብቻው የቆመ ሻንሲ (አካሉን የሚሸከም የብረት መሠረት) የላትም፤ ሸክሙን የሚችለው ላሜራው ራሱ ነው። ቋሚ ጣሪያ ስለሌላትም የፊቷንና የኋላዋን ክፍል በዋናነት አስተሳስረው የሚይዙት ከበሮቹ ሥር የሚዘረጉት፣ ከውጭና ከውስጥ ተደራርበው የተበየዱት ብረቶች ናቸው። እነዚህ ብረቶች ከውስጥ በዝገት ሲበሉ መኪናዋ ከወገቧ ትሰምጣለች፤ የበሩም የላይኛው ክፍተት ይጠብባል። ማጠፊያው ያለቀ በር ግን ብዙውን ጊዜ ከኋላው ወደ ታች ስለሚወርድ የሚነካው በግርጌው በኩል ነው። እርስዎ የገለጹልኝ ከላይ የሚነካ በር በመሆኑ የሻጩ ማብራሪያ አላረካኝም።

ምናልባት የተበላሸው እድሳቱ ራሱ ሊሆን ይችላል። አካሉ በሚገባ ሳይደገፍና በሮቹ በቦታቸው ሆነው ክፍተታቸው ሳይለካ የቆየው ብረት ተቆርጦ አዲሱ ከተበየደ፣ መኪናዋ እንደተጣመመች ትቀራለች። ይህንን ደግሞ ማጠፊያ በማጥበቅ ማዳን አይቻልም። ከዚህ የከፋው በበሰበሰው የውስጥ ብረት ላይ አዲስ የውጭ ላሜራ ደርቦ፣ ስቱኮ (የላሜራ መሙያ ልጥፍ) ቀብቶ፣ ቀለም መርጨት ነው። ስለዚህ ምንጣፉን አስነሥተው ወለሉን ከዳር እስከ ዳር ይመልከቱ፤ ከወንበሮቹ ኋላ ባለው ክዳን ሥር የባትሪዎቹን ማስቀመጫ፣ ከመኪናዋም ሥር የኋላ ባሌስትራዎቹ የሚታሰሩበትን ቦታ ያስፈትሹ። በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት በበሮቹ ሥርና በጎማ መከለያዎቹ ጠርዝ ላይ ያሳልፉ፤ ወፍራም ስቱኮ ባለበት ማግኔቱ አይያዝም። (በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሞዴሎች ላይ ኮፈኑ አልሙኒየም ስለነበር ማግኔት አይስብም፤ ይህ ግን የማጭበርበር ምልክት አይደለም።) በመጨረሻም መኪናዋ በክሪክ ስትነሣ የበሮቹን ክፍተት ልብ ብለው ይዩ። ክፍተቱ ከተለዋወጠ ስለ ቀለሙና ስለ ቆዳው መነጋገር ትርፍ ነው። ሸራ ጣሪያ ላላት መኪና የጅማ ዝናብ ቀላል ፈተና አይደለም፤ ምንጣፍ ሥር የገባ ውኃም ቶሎ አይደርቅም።

ሞተሩ ያን ያህል አያስፈራኝም። 1,798 ሲሲ የሆነው ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር ጠንካራ ነው፤ አሠራሩም ብዙ መካኒኮች የሚረዱት ዓይነት ነው። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለምትገኝ አየሩ ይሳሳል፤ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከሉት 2 ኤስ ዩ ካርቡራተሮችም (ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅሉት ክፍሎች) ቤንዚኑን ሊያበዙ ይችላሉ። ጥቁሩ ጭስ የቤንዚን መብዛት ምልክት ነው፤ ከካርቡራተሮቹ ግርጌ ያለችውን ማስተካከያ የሚያውቅ መካኒክ ያለ ብዙ ወጪ ያቃናዋል። ጭሱ ወደ ሰማያዊ ካደላ ግን ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ ነውና ዋጋውም ሌላ ይሆናል። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ሲሠራ ጠንካራ የቫልቭ መቀመጫ ተገጥሞለት እንደሆነ መጠየቅም ተገቢ ነው፤ ሞተሩ የተነደፈው እርሳስ ላለበት ቤንዚን ሲሆን ዛሬ የሚሸጠው እርሳስ የለውም።

የሰነዱን ጉዳይ አደራ እላለሁ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለከለከለ፣ «ቀረጡ በቅርቡ ያልቃል» የሚል ቃል አይቀበሉ። ሊብሬው በሻጩ ስም መሆኑን፣ የሻንሲ ቁጥሩም በመኪናዋ ላይ ካለው ጋር መመሳሰሉን ያረጋግጡ። የ1971 ክፍት ኤም ጂ ቢ ቁጥር «ጂ ኤች ኤን 5» ብሎ ይጀምራል፤ «ጂ ኤች ዲ» ብሎ የሚጀምረው ባለ ጣሪያው ጂ ቲ ነው።

ቀብዱን ለጊዜው ይያዙት። ከበሮቹ ሥር ያለው ብረት ተቆርጦ ሲበየድ የተነሣ ፎቶግራፍ ካለ ሻጩ ያሳይዎት፤ ከሌለም መኪናዋን እርስዎ የመረጡት በያጅ ከሥሯ እንዲመረምራት ይፍቀድ። ሁለቱንም ካልፈቀደ፣ ዋጋውን ቢቀንስልዎትም እንዲገዟት አልመክርም።