የሚተኩሰው ከፊት ነው ከኋላ? የአሮጌ መኪና ጥያቄና መልስ

ስለ ሞተር ተኩስ ጥያቄ ላኩ ብዬ ነበር፤ ጎረፈ። አይገርምም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ ያለችውን አሮጌ መኪና ማስታመም የግድ ሆኗል። ብዙዎቻችሁ «ካርቡራተር ልቀይር ወይ?» ትላላችሁ። ቆዩ፣ ብሩ ኪሳችሁ ይቆይ። ድምፁ ከየት ነው? መቼ ነው? በካርቡራተር (ቤንዚንና አየር በሚቀላቅለው) በኩል መትፋትና በማርሚታ (በጭስ መውጫው) መፈንዳት ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው።

ዲኤክስ ኮሮላ አለኝ። ዳገት ላይ ቤንዚን ስረግጥ በማርሚታ «ጧ!» ይላል። ካርቡራተሩ ሁለቴ ታጠበ፣ ለውጥ የለም።

ሦስተኛ አታሳጥበው። በማርሚታ የሚፈነዳው ሲሊንደር ውስጥ ሳይቃጠል የወጣ ቤንዚን ነው። ያልተቃጠለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እሳቱ ደካማ ስለሆነ ነው። ዳገት ላይ ሲሊንደር ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ ሜዳ ላይ እንደምንም የሚዘል እሳት እዚያ ያቅተዋል።

ማታ፣ መብራት በሌለበት፣ ሞተሩን አስነስተህ ኮፈኑን ክፈት። እጅህን ሳታስገባ የካንዴላ ገመዶቹን ተመልከት። ሰማያዊ ብልጭታ ከታየህ እሳቱ በመንገድ ላይ እያመለጠ ነው። ከዚያ የስፒንተሮጀኑን (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን) ክዳን አውጥተህ ውስጡን አየው፤ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ትበቃለች። ሞተርህ 4ኬ የሚባለው ከሆነ የፑንቲናው (እዚያው ውስጥ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠው) ክፍተት 0.45 ሚሊሜትር፣ የካንዴላው 0.8 ሚሊሜትር ነው። ፑንቲናው ቶሎ ቶሎ ከተቃጠለ ከብልጭታ የሚጠብቀውን ኮንደንሰር ጠርጥር። ርካሽ ዕቃ ነው፣ ግን ስንቱን ሰው ካርቡራተር አስገዝቷል!

ቮልሴን ካንዴላና ገመድ አስቀየርኩላት። ከዚያ ወዲህ በካርቡራተርም በማርሚታም ትተኩሳለች።

ገመድ ተቀያይሯል። ሲሊንደሮቹ እሳት የሚያገኙበት ተራ በቮልስ 1-4-3-2 ነው። የኮሮላ ደግሞ 1-3-4-2። ኮሮላ የለመደ እጅ ነክቷት ይሆናል።

እኔም ቮልስ ነው ያለኝ። የኔዋ ግን እግሬን ከቤንዚን ሳነሳ ብቻ ነው ቁልቁለት ላይ «ፓ ፓ ፓ» የምትለው።

ማርሚታው ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበትን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) እይ። እግር ሲነሳ የተረፈ ቤንዚን ወደ ጭስ ቱቦ ይገባል፤ በቀዳዳው አየር ሲያገኝ እዚያው ይነድዳል። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ አስነሺና የቱቦውን ጫፍ ለአፍታ በወፍራም ጨርቅ ያዢው። ጭሱ በሌላ በኩል «እስስ» እያለ ከወጣ ቀዳዳው እዚያ ነው። ጥቁር ጥላሸትም ቦታውን ይጠቁማል። በዚያው የቫልቭ ክፍተት አስለኪ፤ በቀዝቃዛ ሞተር 0.15 ሚሊሜትር።

አዲስ አበባ ሰላም ነው። ወደ ድሬዳዋ ስሄድ አዋሽ ላይ በካርቡራተሩ ማስነጠስ ይጀምራል።

ይህን ጥያቄ ወደድኩት። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዋሽ ሰባት 1,000 ሜትር አካባቢ። ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑ ይበዛል። ስለዚህ የከተማችን መካኒኮች ጂግለሩን (ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ) በጠባብ ይቀይሩታል። ትክክል ነው፤ ለአዲስ አበባ። ቆላ ስትወርድ አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ግን ያው ነው። ቅልቅሉ ይሳሳል። ስስ ቅልቅል ቀስ ብሎ ስለሚነድ ቫልቩ እንደገና ሲከፈት እሳቱ ገና አልጠፋም፤ ወደ ካርቡራተሩ ይመለሳል። ብዙ ቆላ የምትመላለስ ከሆነ የፋብሪካው ልክ ጂግለር ይግባልህ፤ አዲስ አበባ ላይ ትንሽ ቤንዚን ይብላ።

ግን አንድ ነገር ለይልኝ። ችግሩ ምሳ በልተህ ስትነሳ ብቻ ከሆነ ጂግለር አይደለም። ሙቀቱ ቤንዚኑን ፓምፑ ውስጥ አትንኖት ነው። የቤንዚን ፊልትሮም ሲዘጋ ያው ማስነጠስ ይመጣል፤ በርካሹ ጀምር።

ከእንጦጦ ስወርድ ቤንዚን ለመቆጠብ ቁልፍ አጠፋለሁ። ታች ስከፍተው እንደ ቦምብ ፈነዳና ማርሚታው ተቀደደ።

ወንድሜ፣ የቆጠብከው ቤንዚን እኮ ማርሚታው ውስጥ ነበር። ማርሽ ገብቶ ቁልፍ ሲጠፋ ጎማው ሞተሩን ማዞሩን አያቆምም። ፒስተኖቹ ቤንዚንና አየር እየሳቡ ሳይቃጠል ወደ ኋላ ይገፋሉ። ቱቦው ይሞላል። ቁልፉን ስትከፍት የመጀመሪያው እሳት ሁሉንም ይለኩሰዋል።

በፎሌ (ማርሽ ሳይገባ) እንውረድ እንዳትለኝ። ሞተር ከጠፋ የፍሬን አጋዡ ቫኩም ከጥቂት ርግጫ በኋላ ያልቃል። ቁልፉ አንድ ደረጃ ካለፈ መሪው ይቆለፋል። እንጦጦ ላይ! ቁልፉ ክፍት ሆኖ በከባድ ማርሽ ውረድ።

መካኒኩ የሞተሩን ቫኩም (የመሳብ ኃይሉን) ለክቶ 12 ኢንች አነበበና «ሞተሩ አልቋል፣ ይውረድ» አለኝ። መጽሐፉም 17 እስከ 21 ይላል።

እንዳታወርዱት። መጽሐፉ የሚናገረው ለባሕር ዳርቻ ነው። በየ300 ሜትሩ 1 ኢንች ይቀነሳል። አዲስ አበባ ላይ ወደ 8 ገደማ ቀንሱለት። መርፌው ሳይወዛወዝ 12 ላይ ከቆመ ጤነኛ ነው። እየዘለለ ከሆነ ግን ቫልቭ ሊሆን ይችላል። ያኔ ሚኒሞ ላይ (ቤንዚን ሳይረገጥ) ቁራጭ ወረቀት ማርሚታው አፍ ላይ ያዙ። ወረቀቱ በየጊዜው ወደ ውስጥ ከተሳበ የተቃጠለ የጭስ ቫልቭ አለ።

መስኮት ስዘጋ ጭስ ይሸተኛል፣ ራሴንም ያመኛል።

እስኪጠገን አይንዱት፣ እማማ። ጭሱን ከሞተሩ የሚሰበስበው ማኒፎልድ ወይም ቱቦው ተሰንጥቋል። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በተዘጋ ቤት ሰው የሚገድለው የከሰሉ መርዝ ራሱ ነው። እሱ ብቻውን አይሸትም፤ ሌላው ጭስ ሸትቶ ስላስጠነቀቀዎ ዕድለኛ ነዎት። የኋላ ክዳኑን ላስቲክም ያሳዩ።

የ1990ዎቹ ኮሮላ ነው። ሜዳ ላይ ይሄዳል፣ ዳገት ይሞታል። ካታላይዘሩ (የጭስ ማጣሪያው) ይውጣ አሉኝ።

ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። ግን ማን ደፈነው? አንድ ካንዴላ ካልነደደ ያልተቃጠለው ቤንዚን ካታላይዘሩ ውስጥ ነድዶ ያቀልጠዋል። እሳቱን ሳታስተካክል አዲስ ብታስገባም ያንኑ ታቀልጣለህ።

ጠዋት ጠዋት ከማርሚታው ውሃ ይንጠባጠባል። ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ተበላሽቶ ነው?

ሲሞቅ የሚቆም ከሆነ አይደለም። ቤንዚን ሲቃጠል ውሃ ይፈጥራል፤ ቀዝቃዛ ቱቦ ውስጥ ይጠራቀማል። ከሞቀም በኋላ ነጭ ጭሱ ካልቆመና የራዲያተሩ ውሃ ከጎደለ ግን ወደ ጋራዥ።