ስፔሻሊስት በሌለበት ወንድሜን ማን ያክምልኝ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ23 ዓመት ወንድሜ ብቻውን ያወራል። «ሊገድሉኝ ነው» ይላል፤ ሌሊት እንቅልፍ የለውም። የአእምሮ ሐኪም ያለው ከእኛ በጣም ርቆ ነው። አንድ ጊዜ ወስደነው በመድኃኒት ተሽሎት ነበር። እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ግን ተወው። አሁን ወጥቶ እንዳይጠፋብን በር ቆልፈንበታል። በድሃ አገር ይህ በሽታ ሕክምና የለውም ማለት ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂዬ፣ አለው። በሩን የቆለፋችሁት ጠልታችሁት እንዳልሆነ ይገባኛል። መላው ሲጠፋው እንዲህ የሚያደርግ ቤተሰብ ብዙ ነው።

የባለሙያ እጥረቱ እውነት ነው። በዝቅተኛ ገቢ አገሮች ለ100,000 ሰው ያለው የአእምሮ ጤና ባለሙያ ከ2 በታች ነው፤ በሀብታሞቹ ከ60 ይበልጣል። መንግሥታት ለጤና ከሚመድቡት ገንዘብም ለአእምሮ ጤና የሚደርሰው 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ይህ በጣም ያናድደኛል። ሆኖም ስፔሻሊስት እስኪመጣ አትጠብቁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረው ፕሮግራም ነርሶችና ጠቅላላ ሐኪሞች እነዚህን ሕመሞች እንዲያክሙ ያሠለጥናል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚቀርባችሁ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የሠለጠነ ሰው እንዳለ ጠይቁ።

በዚምባብዌ የሠለጠኑ አያቶች ክሊኒክ ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው በድባቴ የተያዙ ሰዎችን ያነጋግራሉ፤ ብዙዎችም ተሽሏቸዋል። ደስ የሚል ሥራ ነው። የወንድምዎ ሕመም ግን በምክር ብቻ አይመለስም፤ መድኃኒት ይፈልጋል።

አሁን ወደ መንቀጥቀጡ ልምጣ። ለዚህ ሕመም ከድሮ ጀምሮ የሚሰጡ፣ እንደ ሀሎፔሪዶል ያሉ መድኃኒቶች ርካሽ ናቸው፤ ይሠራሉም። ግን እጅ ያንቀጠቅጣሉ፣ አንገት ያጣምማሉ፣ አንዳንዱን ቁጭ ብድግ ያሰኙታል። ቤተሰብ ይህን ሲያይ «መድኃኒቱ ሊገድለው ነው» ብሎ ይደነግጣል። አስቀድመን አለመንገራችን የእኛ የሐኪሞች ጥፋት ነው። መጠኑ ሲቀነስ ወይም መድኃኒቱ ሲቀየር ብዙ ጊዜ ይሻላል። ክኒን አልውጥም ካለም በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ የሚወጋ መርፌ አለ። ሲሻለው በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ብዙ ሰው የሚያገረሽበት «ድኛለሁ» ብሎ ከተወ በኋላ ነው።

ራሴን ወይም ሰው እጎዳለሁ ካለ፣ ወይም ምግብና ውሃ እምቢ ካለ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዱት።

ስትሄዱ የድሮውን መድኃኒት ባዶ ማሸጊያ ያዙ። መንቀጥቀጡ መቼ እንደጀመረውም ወረቀት ላይ ጻፉ። ነርሷ ከባዶ እንዳትጀምር ይረዳታል።