ፖሊስ ሳይመጣ ቢቀርስ?

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ? ባህር ዳር ጣና ዳር ዓሳ ጠብሼ ነው የምሸጠው። አብሮኝ ይሰራ የነበረ ሰውዬ በሂሳብ ተጣልተን ከወጣ ወዲህ "ቤትሽን አነደዋለሁ" እያለ ይዝታል። ሁለቴ ጣቢያ ሄጄ ተናገርኩ፣ "ደግሞ ከመጣ ደውይ" አሉኝ። ቅዳሜ ማታ መጥቶ ወንበርና መስታወቱን ሲሰባብር ደወልኩ፣ "መኪና የለም" ተባልኩ፣ የመጡት ጠዋት ነው። አሜሪካ ያለችው እህቴ ደግሞ "እዚህም ፖሊስ አንድን ሰው የመጠበቅ ግዴታ የለበትም" ትለኛለች። እውነት ነው? እኛ ጋስ?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን አንቺን አልነካሽ፣ ወንበሩ ይገዛል። እህትሽ ያለችው ለአሜሪካ ባብዛኛው ልክ ነው። በፈረንጆች 1999 ኮሎራዶ፣ ካስል ሮክ የምትባል ከተማ፣ ባሏ እንዳይጠጋት የፍርድ ቤት ትእዛዝ የያዘች እናት ነበረች፣ ሰውዬው ሶስት ሴት ልጆቿን ይዞባት ሄደ፣ እሷ ፖሊስ ጋ ስትደውልና ስትመላለስ አምሽታ ልጆቹ ሞተው ተገኙ። ከተማዋን ከሳ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰች፣ በ2005 7 ለ 2 በሆነ ድምጽ ተረታች፤ ፖሊስ ትእዛዙን እንዲያስፈጽምልሽ ሕገ መንግስታዊ መብት የለሽም ተባለች። ይሄን ፍርድ ባነበብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል። መንግስት ራሱ አስሮ የያዘው ሰው ሲሆን ግን እዛም ግዴታ አለ።

ወደኛ ስንመጣ ሕገ መንግስቱ አንቀጽ 16 ማንኛውም ሰው በአካሉ ጉዳት እንዳይደርስበት የመጠበቅ መብት አለው ይላል፣ ይሄ ግን በርሽ ላይ ፖሊስ ይቆማል ማለት አይደለም። ላንቺ የሚጠቅምሽ የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ስነ ስርዓት ሕግ አንቀጽ 22 ነው፦ ፖሊስ ወንጀል መሰራቱን ካወቀ ወይ ከጠረጠረ ይመረምራል፣ ያመለከትሽው ነገር ቢያጠራጥረው እንኳ። ዛቻ ደግሞ ራሱ ወንጀል ስለሆነ "ደግሞ ከመጣ ደውይ" መልስ አይደለም።

ካሳውስ? በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2126 የመንግስት ሰራተኛ በጥፋቱ ለደረሰ ጉዳት ይጠየቃል፣ ጥፋቱ የስራ ጥፋት ከሆነ፣ ማለትም በስልጣኔ ውስጥ ነኝ ብሎ በቅን ልቦና ለመንግስት ሲሰራ ያጠፋው ከሆነ፣ መንግስትም ጭምር። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ መስታወቱን የሰበረው ሰውዬው ነው፣ "መኪና የለም"ን ጥፋት ብሎ ማስረዳት ከባድ ነው፣ ስለዚህ መጀመሪያ እሱን ክሰሺ፣ ለካሳው ያለሽ ጊዜ ሁለት አመት ነው።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ፣ "ተናገርኩ" ነው ያልሽው፣ በቃል ነበር እንዴ? ዛቻ በግል አቤቱታ፣ ማለትም ተበዳዩ ራሱ ሲያመለክት የሚከሰስ ነገር ነው፣ ስለዚህ ነገውኑ ቀንና የዛተብሽን ቃል እንዳለ ጽፈሽ አስገቢ፣ ኮፒው ላይ ማህተም አስመቺ፣ መስታወቱንም ፎቶ ሳታነሺ እንዳታስገጥሚ።